ሴፋዴክስ ኤልኤች-20፦ ቀርፋፋ ነው፣ ግን አይበላብኝም

ሥራዬ ከባሕር ስፖንጅ ውህዶችን ነጥሎ ማውጣት ነው። ዛሬ የማወራላችሁ ከጠረጴዛዬ ስለማይጠፋው ኤልኤች-20 ነው፤ የተቀላቀሉ ሞለኪውሎችን በመጠናቸው የሚለይ ጄል።

ስፖንጅ ላይ የሚሠራ ሰው ስስታም ቢሆን አይፈረድበትም። ጃፓናውያን ተመራማሪዎች ሃሊኮንድሪን ቢ የተባለውን የስፖንጅ ውህድ እ.ኤ.አ. በ1986 ሲያሳውቁ ከ600 ኪሎ ስፖንጅ ያገኙት 12.5 ሚሊግራም ነበር። እኔማ 600 ኪሎ ስፖንጅ በዓይኔም አይቼ አላውቅ! ስለዚህ እያንዳንዷ ሚሊግራም ታሳሳኛለች። ሌላው የተለመደ መለያ፣ ሲሊካ ጄል፣ ደግሞ ይበላል። በተለይ ናይትሮጅን ያለባቸው ውህዶች ላዩ ላይ ተጣብቀው ይቀራሉ። ኤልኤች-20 ግን የሰጡትን ከሞላ ጎደል ይመልሳል።

ዱቄቱን ሜታኖል ውስጥ ታሳድሩታላችሁ፣ ጠዋት አብጦ ታገኙታላችሁ። ከዚያ ኮለሙን፣ ማለትም ቀጥ ብሎ የሚቆመውን ቱቦ፣ በጄሉ መሙላት፣ ናሙናውን ከላይ አድርጎ በሜታኖል ማውረድ ነው። ትልልቆቹ ሞለኪውሎች የጄሉ ቀዳዳ ስለማያስገባቸው ቀድመው ይወርዳሉ። ትንንሾቹ እየገቡ እየወጡ ይዘገያሉ። በክሎሮፎርም ብቻ ልሥራ ካላችሁ ግን ጄሉ ወደ ላይ ይንሳፈፍባችኋል፤ እኔን ያየ ይቀጣ።

በጣም የወደድኩት አጌላስ ከሚባል ስፖንጅ ጋር ስሠራ ነው። ኤክስትራክቱ (ከስፖንጁ የወጣው ጭማቂ) ቡናማና የሚያጣብቅ ነበር። መጀመሪያ ቅባት ቅባቱ ወረደ። የምፈልገው ኋላ ነው የመጣው፤ ጄሉ ቀለበታማ አሮማቲክ ውህዶችን ትንሽ ያዝ ያደርጋል። ያንን ፍራክሽን (ለብቻው የተቀበልኩትን ክፍል) የሞለኪውል ክብደት በሚለካው ማስ ስፔክትሮሜትር ውስጥ ሳስገባው ሦስት ጫፎች ብቅ አሉ፦ በሁለት በሁለት አሃድ የተራራቁ፣ የመሃሉ ከዳርና ዳሩ እጥፍ የሚረዝም። በክብደት የሚለያዩት ሁለቱ የብሮሚን ዓይነቶች፣ ብሮሚን 79 እና ብሮሚን 81፣ በተፈጥሮ እኩል ለእኩል ሊሆኑ ምንም አይቀራቸውም፤ ስለዚህ ይህ ቅርጽ «ሁለት ብሮሚን አለኝ» ማለት ነው። የሞለኪውሉን አወቃቀር የሚያሳየው ኤንኤምአር ገና ሳይነሳ ግማሹን መልስ አገኘሁ ማለት ይቻላል።

ቀርፋፋነቱ ግን ያስለቅሳል። ጠብ... ጠብ... እያለ ያመሻል፣ ያድራል። ጨውንም ቀድማችሁ ካላስወገዳችሁ ፍራክሽኖቻችሁን ያበላሽባችኋል። ዋጋው ውድ ነው፤ ቢሆንም እየታጠበ ደጋግሞ ስለሚያገለግል አልቆጭም።

አንድ ማታ የኮለሙን መዝጊያ ሳልዘጋ ወጣሁ። ጠዋት ኮለሙ ደርቆ፣ እንደ በጋ መሬት ተሰነጣጥቆ ጠበቀኝ። ጥፋቱ የጄሉ አይደለም፣ የእኔ ነው። አውጥቼ፣ አጥቤ፣ እንደገና ሞላሁት፤ ሠራ። አሁን ከመውጣቴ በፊት መዝጊያውን ሁለቴ እነካለሁ።