ለዴንጊ የቱ ይገዛ፣ የሰውነት ውሃ መለኪያው ወይስ የሄማቶክሪት ሴንትሪፊውጅ?

በፈረንጆቹ 2013 ዴንጊ ድሬ ላይ ከታየ ወዲህ ሰሞኑ በመጣ ቁጥር ክሊኒክ ያላቸው ጓደኞቼ ጥያቄያቸው አንድ ነው፣ «ልጁን ሳንወጋ የሰውነቱን ውሃ የሚለካው ማሽን አይሻልም?» አቦ ሴንትሪፊውጁን ግዙ! ደሙን አሽከርክሮ የቀይ የደም ሴሉን ድርሻ፣ ሄማቶክሪት የሚሉትን፣ የሚያሳየው ማሽን ነው።

ማሽኑ ሀሳቡ አሪፍ ነው፣ ልጆች ላይም ተጠንቷል። እጅና እግር ላይ ኤሌክትሮድ ይለጠፋል፣ የማይሰማ ከረንት ያልፋል፣ ከሴል ውጭ ያለው ውሃ ይሰላል። ችግሩ ዴንጊ ልጁን የሚጥለው ፈሳሹ ከደም ስር ሾልኮ ሲወጣ ነው፣ ደም ስር ውስጥ ያለውም የሾለከውም ደግሞ ሁለቱም ከሴል ውጭ ነው የሚቆጠሩት፣ ማሽኑ አይለያቸውም፣ ግሉኮስ ከተሰቀለማ ቁጥሩ ጭራሽ ይምታታል።

ወጪውን አስሉት እስኪ። ለአንድ ልኬት 4 ኤሌክትሮድ፣ በየ6 ሰዓቱ ከሆነ በቀን 16፣ አደገኛው ጊዜ እስከ 2 ቀን ስለሚሄድ 32፣ ለአንድ ልጅ ብቻ! ያንኑ መልሰን እንለጥፍ ብትሉ በዚህ ሙቀት ላቡ አያስይዘውም። ሱቅ ያለው ርካሹ ባለ አፕ ሚዛን ደግሞ የውፍረት ነው፣ ትኩሳት የጣለው ልጅ መች ቆሞለት።

ሴንትሪፊውጁ ለአንዴ አንድ ቲዩብና አንድ መርፌ ነው የሚበላው። 35 የነበረው ሄማቶክሪት 42 ከገባ 20 ፐርሰንት ጨመረ ማለት ነው፣ ፈሳሹ ወጥቶ ደሙ ወፍሯል፣ እየሾለከ ነው። ብራሽለስ የሚሉትን ትታችሁ ሞተሩ ካርቦን ያለውን አሮጌ ሞዴል ፈልጉ፣ ካርቦኑ ሲያልቅ ታይዋን ገበያ ወርዳችሁ የድሪል ካርቦን ገዝታችሁ በሞረድ ማስተካከል ነው፣ የውሃ መለኪያው ቦርድ ከተቃጠለ ግን ማን ይነካዋል። ቲዩቡ ላይ አትሸወዱ፣ ከጣት ለሚወሰድ ደም ቀይ ቀለበት ያለው ነው የሚሆነው፣ ሰማያዊው ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው መድሃኒት ስለሌለው ደሙ ይረጋባችኋል፣ ሻጮቹ ደግሞ አንድ ነው ብለው ነው የሚሰጧችሁ። ፎርጂዱማ እየተሽከረከረ ውስጡ ይሰበርና ጠርሙስና ደም ስትጠርጉ ትውላላችሁ።

ወላጆች እናንተ ምንም አትግዙ። ትኩሳቱ ወረደ ብላችሁ ግን አትዘናጉ፣ የሚሾልከው ያኔ ነው፣ ሆዱን ካመመው፣ ደጋግሞ ካስመለሰው ወይ ድዱ ከደማ ይዛችሁት ሩጡ፣ አይቡፕሮፌን እንዳትሰጡት።

ክሊኒኮች በተረፋችሁ ብር የልጅ ካፍ ያለው የግፊት መለኪያ ጨምሩ፣ የአዋቂው ካፍ ልጅ ላይ ዝቅ አድርጎ ነው የሚያነበው። የላዩና የታቹ ግፊት ልዩነት 20 ወይ ከዚያ በታች ከሆነ ሾክ እየገባ ነው፣ ቲዩቡ ዞሮ እስኪያልቅ አትጠብቁ።