የአባዬ አምፕ፣ የእኔ ሪሲቨርና የፒያሳው ልጅ

ዘንድሮ ሐዋሳ ለሦስት ሳምንት ከርሜ መጣሁ። ከሜሪላንድ ተሸክሜ የሄድኩት ትልቁ ዕቃ ሪሲቨር ነበር። የዲሽ ሪሲቨር እንዳይመስላችሁ፤ የፊልሙን ድምፅ ለአምስት ስፒከርና ለአንድ ሱብዉፈር (ወፍራሙን ድምፅ ለሚያወጣው ስፒከር) የሚያከፋፍለው ነው።

አባዬ በደርግ ጊዜ የገዛው አምፕ፣ ማለትም ድምፅ ማጉያ፣ እና ሁለት ግዙፍ ስፒከር አለው። ካሴቱን በሌላ ነገር አይሰማም። ሳሎኑ ደግሞ ለተጨማሪ ግዙፍ ስፒከር ቦታ የለውም። ስለዚህ ፊልሙም ሙዚቃውም በእነዚያው እንዲወጣ ፈለግን።

የመጀመሪያውን ባለሙያ "ሰፈሩ የሚያውቀው ነው" ብለው አመጡልኝ። ቡናውን ጠጣ፣ የሁለቱን ማሽን ሽቦ አጣምሮ ስፒከሮቹ ላይ አሰረ፣ "አለቀ" አለ። ሁለቱም ሲበሩ ሳሎኑ የተቃጠለ የተቃጠለ ሸተተ። ሪሲቨሩ ራሱን አጠፋ። የአባዬ አምፕ ግን የግራው ድምፅ ጠፋ። አባዬም ዝም አለ፤ የከበደኝ እሱ ነው።

በማግስቱ አምፑን ታቅፌ በባጃጅ ፒያሳ ወረድኩ። ባለባጃጁ ዲያስፖራነቴን በምን እንዳወቀ እንጃ፣ እጥፍ አስከፈለኝ። ጠባብ ሱቅ ውስጥ ያገኘሁት ልጅ ዕቃውን ሳይከፍት፣ "አባባ ካሴት ሲሰሙ ሪሲቨሩ የግድ መብራት አለበት እንዴ?" አለኝ። የለበትም አልኩት። "እንግዲያው ስፒከሮቹ ከአምፑ አይነቀሉም።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ኦም ኤሌክትሪክ እንዳያልፍ የመከላከል መለኪያ ነው። ስፒከሩ 8 ኦም ነው፤ የአምፑ መውጫ ግን 1 ኦም እንኳ አይሞላም። ሪሲቨሩም በውስጡ አምፕ አለው፤ ሁለት አምፕ አንድ ላይ ሲታሰር የአንዱ ኃይል ወደ ሌላው ይገባል። ሾርት በሉት። ልጁ አምፑን ጠግኖ ቤት መጣና፣ ከሪሲቨሩ ጀርባ "ፕሪ አውት" ከሚለው (ገና ያልጎላ ድምፅ ከሚወጣበት) በቀይና ነጭ ገመድ ወደ አምፑ "አክስ" መግቢያ አገናኘ። ርካሽ ሪሲቨር ብዙ ጊዜ የፊት ስፒከር ፕሪ አውት የለውም፤ ሳትገዙ ጀርባውን እዩ። አንዳንድ አዳዲስ አምፖች ቮሊዩሙን ዘሎ የሚያልፍ "ባይፓስ" የሚባል መግቢያ አላቸው። የአባዬ የለውም። ልጁ የእህቴን የጥፍር ቀለም ተቀብሎ ቮሊዩሙ አጠገብ ቀይ ነጥብ አደረገ። ፊልም ሲታይ ቮሊዩሙ እዚያ ይቆማል፤ ድምፅ ከፍና ዝቅ የሚደረገው በሪሲቨሩ ሪሞት ነው። ከዚያ የሪሲቨሩን የድምፅ መለኪያ ማይክ ሶፋው ላይ አቁሞ ስፒከሮቹን አመጣጠነ።

የአምፑን ሁለት ትራንዚስተር ቀይሮ፣ ቤት መጥቶ፣ 3,500 ብር ብቻ። "መጣሁ፣ መጣሁ" እያለ ሦስት ሰዓት ማስጠበቁን ይቅር ብዬዋለሁ። ሪሲቨሩ የአሜሪካ ስለሆነ ከ220 ወደ 120 ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመርም እሱ ነው የፈለገልኝ። ድንጋይ የሚያህል ነው፤ ማታ ማታ እንደ ንብ ያጉረመርማል። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ በ220 የሚሠራ መግዛት ነበረብኝ።

ልመለስ አንድ ቀን ሲቀረኝ ፊልም ከፈትን። ግማሽ ሳይደርስ አባዬ ተነሳ፣ ሪሲቨሩን አጠፋ፣ ካሴቱን ከተተ። ቮሊዩሙንም ከቀዩ ነጥብ አሳለፈው።