የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም፦ ብቻዎን አይግቡ

በመስቀል አደባባይ ጥግ የሚገኘውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ለመጎብኘት የሚሄድ ሰው፣ ከመግባቱ በፊት ፊቱን ወደ አደባባዩ መልሶ ጥቂት ቢቆም መልካም ነው። በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. የወታደራዊው መንግሥት የደርግ መሪ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ደም የሚመስል ቀይ ፈሳሽ የያዙ ጠርሙሶችን እየከሰከሱ የአብዮቱን ጠላቶች ደም እንደሚያፈሱ የዛቱት፣ ያን ጊዜ አብዮት አደባባይ ይባል በነበረው በዚሁ ሜዳ ላይ ነበር። በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው ሙዚየም እዚህ መሠራቱ ከሁሉ አስቀድሞ ልቤን የነካው ነገር ነው።

መግቢያው ነጻ ነው፤ ለጥገናው የሚሆን መዋጮ መስጠት ግን ይቻላል፣ ይገባልም። ትረካው ከአፄ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት ማብቂያ፣ ከወሎ ረሃብና ከ1966ቱ አብዮት ይነሣል። ጎብኚው አስቀድሞ ጥቂት አንብቦ ቢመጣ እመክራለሁ። ኢሕአፓና መኢሶን የተባሉት የፖለቲካ ድርጅቶች ሁለቱም ማርክሳዊ ሆነው ሳለ ኢሕአፓ ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት እንዲቋቋም ሲጠይቅ መኢሶን ለደርግ «ሂሳዊ ድጋፍ» መስጠቱን፣ የከተማው ግድያ በሁለቱ ወገኖች መካከል እንዴት እንደተጋጋለ፣ በኋላም መኢሶን ራሱ የደርግ ሰለባ መሆኑን ያላወቀ ሰው፣ እነዚያ ሁሉ ወጣቶች ስለ ምን እንደሞቱ ለመረዳት ይቸገራል።

ከዚያ በኋላ ያለው ክፍል ንባብ አያስፈልገውም። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች የሟቾች ፎቶግራፍ ነው፤ ብዙዎቹ ገና የተማሪ ፊት ያላቸው፣ ጸጉራቸውን እንደ ዘመኑ ያጎፈሩ፣ ለመታወቂያ ወይም ለማስታወሻ ብለው ፎቶ ቤት የተነሡ ልጆች ናቸው። በመስታወት መደርደሪያዎች ውስጥ ከጅምላ መቃብሮች የወጡ አጽሞችና ልብሶች ተቀምጠዋል። በመቃብሮቹ ቁፋሮ ላይ ከአርጀንቲና የመጡ የአስከሬን ምርመራ ባለሙያዎችም ተሳትፈው ነበር፤ የራሳቸውን አገር የጠፉ ልጆች አጽም ሲፈልጉ የኖሩ ሰዎች መሆናቸውን ሳስብ፣ የእኛ እናቶች ኀዘን ከሩቅ አገር እናቶች ጋር እንደሚገናኝ ተሰማኝ።

ሙዚየሙን ከሌሎች የሚለየው ግን አስጎብኚዎቹ ናቸው፤ ከመካከላቸው በዚያ ዘመን ታስረው የተረፉ አሉ። እኔን ያስጎበኙኝ አባት ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ ስለ ቀበሌ እስር ቤት፣ ቤት ለቤት ስለሚካሄደው አሰሳ፣ ያለ ፍርድ ስለሚገደልበት «ነጻ እርምጃ»፣ እጅና እግር ታስሮ በእንጨት ላይ ተሰቅሎ ውስጥ እግር ስለሚገረፍበት ወፌ ላላ አስረዱኝ። አንዳንድ ቤተሰቦች የልጃቸውን አስከሬን ለመውሰድ የጥይቱን ዋጋ እንዲከፍሉ ይጠየቁ እንደነበር ሲነግሩኝ ግን ጥቂት ዝም አሉ፤ እኔም ምንም ለማለት አልቻልኩም። እነዚህ ሰዎች ዕድሜያቸው እየገፋ ስለሆነ፣ ጉብኝቱን ለሌላ ዓመት የሚያስተላልፍ ሰው ይህን የዓይን ምስክርነት ላያገኘው ይችላል።

ሕፃናትን ይዞ መግባት አይመከርም፤ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ግን እጅግ ተገቢ ነው፣ ግድግዳው ላይ ካሉት ብዙዎቹ እኩዮቻቸው ናቸውና። ቢያንስ አንድ ሰዓት ተኩል ይመድቡ፤ ሲወጡም ደጅ ባለው የሦስት ሴቶች ሐውልት አጠገብ ትንሽ ይቀመጡ።