ዕቃውን ከመውቀሱ በፊት ሞላውን ላየው መካኒክ፦ ምስጋናና ጥቆማ

ጤና ይስጥልኝ። የመኪና እግር የሚሠራ አንድ መካኒክ ላመሰግን ነው፤ መካኒክ ለምትፈልጉም ጥቆማ ይሁናችሁ።

መኪናዬን ስገዛት ዝቅ ተደርጋ ነበር። የቀድሞ ባለቤቷ የፋብሪካውን ሞላ አውጥቶ አጭር ሞላ አስገብቶላታል። ታምራለች፣ አልዋሽም። የኋላ ሾክ አብዞርበሮቿ (የሞላውን ዝላይ የሚገቱት፣ ዘይት ያለባቸው ቱቦዎች) ግን አይበረክቱም። አዲስ ይገጠማል፣ ብዙም ሳይቆይ ዘይት ማፍሰስ ይጀምራል። የሄድኩባቸው ጋራዦች መልሳቸው አንድ ነው፦ «ዕቃው ፎርጅድ ነው»። ሌላ ይገጥማሉ፣ ያው ይሆናል።

ይሄኛው ሞላውን አይቶ ነው የጀመረው። መኪናዋ በአራት እግሯ መሬት ላይ እንደቆመች የሾኩን የአቧራ መከላከያ ከፍ አድርጎ ከዘንጉ (ሾኩ ውስጥ ከሚገባና ከሚወጣው ብረት) ምን ያህል ውጭ እንደቀረ አሳየኝ። ትንሽ ነው። ከላይ ያለው የምት መቀበያ ላስቲክ ተቀጥቅጦ ተሰነጣጥቋል። «ይሄ ሾክ ጉልበቱን አጥፎ እንዲሮጥ የተፈረደበት ሰው ነው» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞላው ሲያጥር የሾኩ ፒስተን መኪናዋ ገና ቆማ ሳለች ዘልቆ ይገባል። ጉድጓድ ሲመጣ የቀረው መሄጃ አጭር ስለሆነ ላስቲኩን ቶሎ ቶሎ ይመታል። ላስቲኩ ካለቀ ደግሞ ምቱ የሚያርፈው ሾኩ ላይ ነው። በዚያ ላይ ዝቅ ማድረጊያ ሞላ አብዛኛውን ጊዜ ከፋብሪካው ይጠነክራል፤ ከተጨመቀ በኋላ በኃይል ይመለሳል። ያንን የሚገታው ሾኩ ነው፤ የተመጠነው ግን ለለስላሳው ሞላ ነው። ከልኩ በላይ ሲለፋ ዘይቱ ይግላል፣ ዘይቱ እንዳይወጣ የሚይዘው ማገጃም ቶሎ ይበላል።

ዝቅ ያለ መኪና ሁሉ ሾክ ይጨርሳል ግን አላለኝም። 2 ወይም 3 ሴንቲሜትር ብቻ ከወረደና ሾኩ ጤነኛ ከሆነ ብዙ ጊዜ ይችለዋል። የኔዋ ከዚያ በላይ ወርዳለች። ስለዚህ ወይ ወደ ፋብሪካው ሞላ መመለስ፣ ወይ ለአጭር ሞላ ተብሎ የተሠራ ሾክ ማስገባት። «የምትነዳበትን መንገድ የምታውቀው አንተ ነህ» ብሎ ምርጫውን ለኔ ተወው። ቁመናዋ አሸነፈኝና ሁለተኛውን መረጥኩ።

ሥራውን ቆሜ ነው ያየሁት። ሁለቱንም የኋላ ሾኮች አንድ ላይ ቀየረ፤ አንዱ አዲስ አንዱ አሮጌ ሆኖ መኪና አይረጋም። ከመግጠሙ በፊት አዲሶቹን ቀጥ አድርጎ ይዞ ደጋግሞ ገፋ ሳብ አደረጋቸው፣ ውስጣቸው የገባው አየር እንዲወጣ። ዘንጉን በፒንሳ አልያዘም። ብዙ ቦታ የላይኛውን ብሎን ለመፍታትና ለማሰር ዘንጉን በፒንሳ ይነክሱታል። አንድ ጭረት ካረፈበት ማገጃውን እየፋቀ ዘይት ያስወጣል። አዲስ ሾክ በማግስቱ የሚያለቅስበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። የምት መቀበያውን ላስቲክም ቀየረ፣ አሮጌውን አልመለሰውም።

በጣም የወደድኩት ግን መጨረሻ ላይ ያደረገውን ነው። የታችኛውን ብሎን አጥብቆ ያሰረው መኪናዋ ከክሪክ ወርዳ ክብደቷ መሬት ላይ ካረፈ በኋላ ነው። ተንጠልጥላ ከታሰረ ብሎኑ የሚያልፍበት የሾኩ መያዣ ላስቲክ መኪናዋ ስትወርድ ይጠመዘዛል፣ እንደተጠመዘዘ ይኖራል፣ ቶሎም ይቀደዳል። ከዚያ አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል) አሠራ ብሎ ላከኝ። የሱ ሥራ አይደለም፣ ገንዘብም አያገኝበትም።

እስካሁን ሾኮቹ ደረቅ ናቸው። ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ።

ለምትሄዱ አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ፈጣን አይደለም፣ እየሠራ ስልክ አያነሳም። ሞላ ቆርጠህ ዝቅ አድርግልኝ ለሚለው ደግሞ እሺ አይልም። የተቆረጠ ሞላ መቀመጫው ላይ በትክክል አያርፍም፤ እግሩ ሲንጠለጠል ከቦታው ሊወጣም ይችላል። አድራሻውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ስትጽፉ መኪናችሁ ምን እንደሆነችና ሞላዋ ተቀይሮ እንደሆነ ንገሩኝ፣ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።