ጎሿ የምትታለበው በመርፌ ነበር

የወተት ጎሽ ለመግዛት ያሰባችሁ፣ ገንዘባችሁን ከመክፈላችሁ በፊት ይቺን አንብቡልኝ። እኔ ተሸውጃለሁ።

ሻጩ ፊቴ አለባት። እግሯን እንኳ ሳታነሳ ባልዲው አረፋ በአረፋ ሆነ። ሊያልባት ሲል አንገቷን ደባበስ ሲያደርግ አይቼ ነበር። የሚያባብላት መስሎኝ "እንስሳ የሚወድ ሰው ነው" አልኩ፣ ሞኙ! አንገቷ ላይ የደረቁ የደም ነጥቦች ያየሁት ቤት ከገባች በኋላ ነው።

መርፌው ኦክሲቶሲን ነው፣ ወተት የሚያስወርድ ሆርሞን። ላም ግቷ ሥር ተጠራቅሞ የሚጠብቅ ወተት ስላላት ገና ጡቷን ስትይዟት ትሰጣለች። የጎሽ ወተት ግን 95 በመቶ ያህሉ ያለው ላይ፣ ግቱ ውስጥ ባሉት ጥቃቅን ከረጢቶች ነው። ራሷ ካልለቀቀችው አይወርድም። የሚያስለቅቃት ጥጃዋ፣ የለመደችው እጅና ፊቷ የተደረገላት መኖ ነው። ያኔ ያንኑ ኦክሲቶሲን ራሷ ታመነጫለች፤ ወተቱ እስኪወርድ ከ2 እስከ 10 ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል። ከደነገጠች ግን በቃ፣ አድሬናሊኑ፣ የድንጋጤው ሆርሞን፣ ይዘጋዋል። መርፌ የለመደች ደግሞ ያለ መርፌ እምቢ ትላለች።

የእኔዋም እምቢ አለች። ግቷ ተወጥሮ፣ ጡቶቿ እጄ ላይ እንደ ባዶ ጓንት ልፍስፍስ ይላሉ። እግሯን አሰርኩ፣ ጮህኩባት፤ ባሰባት። በሦስተኛው ቀን ባልዲውን በእርግጫ አነሳችው። ሻጩ ጋ ስደውል "አያያዙን አታውቅበትም" አለኝ። ግማሹ እውነት መሆኑ ነው ያበሸቀኝ። አብሯት የመጣውም ጥጃ የእሷ አልነበረም። አሸተተችውና ፊቷን አዞረች።

እናንተ ለሻጫችሁ ሳትነግሩ ሂዱ። ግቷ ከመታጠቡ ጀምሮ ቁሙ፤ እጁን እንጂ ባልዲውን አትዩ። አንድ ጊዜ ማየት አይበቃም፣ ምክንያቱም የጠዋቱን ሳያልቡ አውለው ማታ የሚያሳዩ አሉ። ማታም ጠዋትም አይታችሁ፣ ሦስተኛውን ራሳችሁ እለቡ። ጥጃውን ልቀቁትና ትልሰው እንደሆነ ተመልከቱ። አንገቷንና ታፋዋን በእጃችሁ ዳብሱ፤ ጠጠር ጠጠር የሚል እብጠት ካገኛችሁ ተመለሱ።

እኔ መርፌውን አልቀጠልኩም። ጎሽ እንደ ላም ላብ ስለማይወጣት ሙቀት አትችልም፤ የምትነከርበት ጭቃ ውሃ ቆፈርኩላት። በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰው እጅ፣ ፉርሽካዋን እየበላች ትታለባለች። አሁን ያን ቀን ካየሁት ሲሶውን ትሰጠኛለች። ሻጩ ስልኬን ማንሳት ትቷል።