ሰባት ወር ከፎም አውሮፕላኔ ጋር፦ ድሬ ላይ እስከ ቁርስ ሰዓት የምትበር

ድሬዳዋ መጋላ ፉል ቤት ስገባ እማማ መጀመሪያ የሚያዩት እጄን ነው። "ዛሬስ ሙሉ ናት?" ይሉኛል። ሙሉ ከሆነች ፉሉ በእንቁላል ቶሎ ይመጣል፤ ክንፍና ጅራት ለየብቻ ይዤ ከገባሁ ግን "ተቀመጥ ልጄ፣ መጀመሪያ ሻይ ጠጣ" ነው። ይህችን በሪሞት የምትበር የፎም አውሮፕላን ከመስከረም ጀምሮ እሁድ እሁድ ከ80 ጊዜ በላይ አብርሬአታለሁ። ከካርቶን በወጣች ሰሞን ብጽፍ ሁሉን ነገር አሞግስ ነበር፤ አሁን ግን ጠባይዋን አውቃለሁ።

ክንፏ ከላይ የተቀመጠ የጀማሪ ሞዴል ናት። ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 1.4 ሜትር፣ ከነባትሪዋ አንድ ኪሎ ከምናምን። ካሜራ የላትም። ባትሪዋ ባለ ሦስት ሴል ሊቲየም ፖሊመር፣ 2200 ሚሊአምፒር ሰዓት ነው። የአክስቴ ልጅ ናት ከዱባይ ያመጣችልኝ። ትርፍ የሊቲየም ባትሪ በአውሮፕላን ሆድ ስለማይጫን ሦስቱንም በእጅ ቦርሳዋ ይዛ መጣች። አንዱ 24 ዋት ሰዓት ገደማ ነው፤ ያለ ልዩ ፈቃድ የሚያዘው እስከ 100 ስለሆነ ማንም አላስቸገራትም።

አሁን ወደ ዋናው። የመመሪያ መጽሐፉ የተጻፈው ባሕር ዳርቻ ላይ ለሚኖር ሰው ይመስለኛል። ከባሕር ጠለል እኩል ሆነህ ሙቀቱ 15 ዲግሪ ሲሆን አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.225 ኪሎ ይመዝናል። ድሬዳዋ 1200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ 35 ዲግሪ ሲገባ ያው ሜትር ኩብ ወደ አንድ ኪሎ ይወርዳል። አየሩ ሲሳሳ ክንፏ የምትደገፍበት ያንሳታል፣ ፕሮፔለሩም የሚጨብጠው ያጣል፤ ለማረፍ ስትመጣ ከተጻፈው አሥር በመቶ ያህል ፈጥና ነው። የመጀመሪያውን ወር በሙሉ "ምን አስቸኮላት?" እያልኩ ከግራር ሥር ስለቅማት ከረምኩ።

ግን ሁሉንም በአየሩ መሳሳት ማመካኘት አይቻልም። ንጋት ላይ 20 ዲግሪ ሲሆንና ቀትር ላይ 35 ሲሆን ያለው የአየር ክብደት ልዩነት አምስት በመቶ ቢሆን ነው። ቀኑን የሚያበላሸው የመሬቱ ግለት ነው። ከሦስት ሰዓት በኋላ አየሩ እንደ ወጥ ይንተከተካል፤ አንዱ ጋ ያነሳታል፣ አሥር እርምጃ ሳትሄድ ያዘቅጣታል። ምልክቴ ጭልፊት ነው። ክንፉን ሳያርገበግብ ሲሽከረከር ካየሁት ዕቃዬን ሰብስቤ ወደ ፉሌ። ስለዚህ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ባጃጅ ይዤ፣ ክንፉን ጉልበቴ ላይ አጋድሜ፣ ከከተማውና ከኤርፖርቱ ርቄ እወጣለሁ። ነፋስ በሌለበት አንዱ ባትሪ 12 ደቂቃ ይሰጠኛል። ባትሪዎቹን ስጨርስ ገና ሁለት ሰዓት አልሞላም፤ ረሃቤ ግን ሞልቷል።

አንድ ቀን "ደጋው ቀዝቃዛ ነው፣ አየሩ ይወፍራል" ብዬ የድንገጎን ዳገት ወጥቼ ሐረማያ ወሰድኳት። ሒሳቡን ቀድሜ ብሠራው ኖሮ ከመኝታዬ አልነሳም ነበር። እዚያ ከፍታው 2000 ሜትር ነው፤ ብርዱ ቢኖርም አየሩ ከድሬ ቀትር ይልቅ ይሳሳል። ጉዞው ባይከፋም አበራረሯ ከፍቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ባለ 9 ኢንቹን ፕሮፔለር በባለ 10 ቀየርኩት። ትልቅ ፕሮፔለር ሞተሩን ሊያሞቅ ስለሚችል ካረፈች በኋላ ሞተሯን በጣቴ እነካለሁ፤ ጣቴን እዚያው ማቆየት ከቻልኩ ደህና ናት።

ያናደደኝ ነገር ሙጫው ነው። ሞተሩን የተሸከመው ፕላስቲክ ከፎሙ ጋር የተያያዘው በሽጉጥ እየቀለጠ በሚፈስ ሙጫ ነበር። በሙቀት የተለጠፈ ነገር በሙቀት እንደሚላቀቅ ለድሬ ልጅ አይነገረውም። የካቲት ላይ ባጃጅ ውስጥ ፀሐይ መትቷት ሳወጣት የሞተሩ መቀመጫ እንደ ልጅ ጥርስ ይነቃነቃል። ሙጫውን ፍቄ በኤፖክሲ ሠራሁት፣ ከዚያ ወዲህ አልተነቃነቀም። ሱፐር ግሉም ለዚህኛው ፎም ይሆናል። ለቴሌቪዥን ማሸጊያው ነጭ ፎም ግን አይሞከርም፤ መለዋወጫ ጅራት ልሠራ ብዬ ዓይኔ እያየ በላው።

ባትሪ ላይ ጥፋቱ የኔ ነው። ቅዳሜ ማታ መብራት ይጠፋል እያልኩ ሰኞውን ሞልቼ አስቀምጥ ነበር። ሙሉ ባትሪ በዚህ ሙቀት ሳምንት ሲቀመጥ ምን እንደሚሆን አንዱ አሳየኝ፤ ጎኑ እንደ ትራስ ተነፋ። ያው ተጣለ። አሁን ሳልበር የማስቀምጣቸው እያንዳንዱ ሴል 3.8 ቮልት አካባቢ ሆኖ ነው። ቅዳሜ ማታ ወደ 4.2 እሞላቸዋለሁ፣ ያውም ነቅቼ፣ በተሰነጠቀ የሸክላ ምጣድ ላይ። መብራት ከሌለ ቻርጀሩ 12 ቮልት ስለሚቀበል የጎረቤቴን ባጃጅ ባትሪ እለምናለሁ። "አቦ ውሰድ፣ ጠዋት ግን ገፍተህ ታስነሳልኛለህ" ይለኛል፤ ሁለት ጊዜ ገፍቼለታለሁ።

ሚዛኗን የሚጠብቅላት መሣሪያ፣ ጋይሮው፣ ለጀማሪ ጥሩ ነው፤ ስታዘነብል ራሱ ያቃናታል። ሲበራ ግን ለጥቂት ሰከንድ ሳትነቃነቅ መቀመጥ አለባት፣ ቀጥ ማለት ምን እንደሆነ የሚያውቀው ያን ጊዜ ነው። እኔ ሰዓት ለመቆጠብ ብዬ ባጃጅ እየሄደች አብርቼው ወረድኩ። እንደተነሳች ወደ ግራ እየጎተተች ሄዳ ኩይሳ ላይ በአፍንጫዋ ተሰካች። አፍንጫዋ ሦስት ጣት ያህል ወደ ውስጥ ገባ።

እንዲያ ሆኜ ፉል ቤት ስገባ እማማ ሻይ እንኳን አላሉኝም፣ ዝም ብለው አዩኝ። ይህ ፎም ከጥቃቅን እንክብሎች የተሠራ ነው፤ ሲጨፈለቅ እንክብሎቹ ይሟሽሻሉ፣ የፈላ ውሃ ሲያገኙ ደግሞ ይነፋሉ። ይህን አንብቤዋለሁ እንጂ ሞክሬው አላውቅም ነበር። "እማማ፣ ትንሽ የፈላ ውሃ ቢሰጡኝ?" አልኳቸው። "ለሻይ?" "አይ፣ ለአፍንጫዋ።" የሻይ ማንቆርቆሪያቸውን ይዘው ወጡ፣ ሳፋ አስቀመጥን፣ እሳቸው ራሳቸው ከላይ አፈሰሱበት። መጀመሪያ ምንም የለም። ቀጥሎ ሽብሽቡ ቀስ እያለ እየተፈታ እንደ ቡኮ ኩፍ አለ። ፈጢራ ሲዘረጋ የነበረው ልጅ ዱቄት በዱቄት እጁን ይዞ መጥቶ ቆመ፣ ደንበኛውም ተነሳ። ሲያበቃ ቅርጿ ተመልሷል፤ ላይዋ ግን እንደ ብርቱካን ልጣጭ ተንጨፍርሯል፣ የተሰነጠቀውም ያው እንደተሰነጠቀ ነው፤ እሱን በኤፖክሲ ዘጋሁት። ማር የፈሰሰበት ፈጢራ በእንቁላል በላሁ፣ እማማም የውሃውን አላስከፈሉኝም።

ደግሜ እገዛታለሁ ወይ? አዎ፣ ግን ጠዋት ለመነሳት ለሚሰንፍ ሰው አልመክርም። እኔ ነገሩ ያለብኝ ከልጅነቴ ነው። ዛሬም ከአዲስ አበባ የምትመጣው የመንገደኞች አውሮፕላን ኪው 400 ስትቃረብ የእነዚያን ባለ ስድስት ምላጭ ፕሮፔለሮች ድምፅ ከሰማሁ ጉርሻዬን ይዤ ደጅ እወጣለሁ፤ ፉሉ ይቀዘቅዛል፣ እማማ ይቆጣሉ።

የፊት እግሯ ብቻ አልተስተካከለም። አብሯት የመጣው ሽቦ ለስላሳ ነው፣ ጎማዎቿም ለኛ ጠጠር ያንሳሉ። ለጊዜው በብስክሌት ጎማ ሽቦ ቆማለች፣ ትንሽ ወደ ቀኝ ታነክሳለች።