ፖይንት ሎቦስ፦ ሳይፕረስ ግሮቭ ይሻላል ወይስ በርድ አይላንድ?

ፖይንት ሎቦስ ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ከካርሜል ከተማ በስተደቡብ ያለ የባሕር ዳር ጥብቅ ስፍራ ነው። ሳን ሆዜ ወይም ኦክላንድ ላላችሁ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ይቻላል። ለቀላል የእግር ጉዞ ሁለት መንገዶች ያማርጣሉ። ሁለቱም 1.3 ኪሎ ሜትር ገደማ ናቸው፤ ዞረው ወደ መነሻው ይመልሳሉ።

እኔ ሳይፕረስ ግሮቭን አስቀድማለሁ። የሞንተሬይ ሳይፕረስ፣ የእኛው የፈረንጅ ጥድ ዘመድ፣ በተፈጥሮ የበቀለበት ደን በዓለም ላይ ሁለት ቦታ ብቻ ነው የቀረው። አንዱ እዚህ ነው፤ ሌላው ከካርሜል ባሕረ ሰላጤ ማዶ። ነፋስና ጨው ያጎበጣቸው ዛፎች ገደሉ ጫፍ ላይ ቆመዋል። ጥላ ባለበት በኩል ቅርንጫፎቹን ብርቱካናማ አልጌ አልብሷቸዋል። ቀለሙ ካሮት ውስጥ ካለው ካሮቲን የመጣ ነው፤ ዛፉን አይጎዳም። ቆም ብላችሁ እዩት፣ በጣም ያምራል!

በርድ አይላንድ መጀመሪያው ላይ ደረጃ አለው፤ ከዚያ ሜዳ ነው። ቻይና ኮቭ የምትባለው ትንሽ የባሕር ወሽመጥ አረንጓዴ ውኃ ከላይ ይታያል። በጸደይ ወራት (ከማርች እስከ ሜይ) ወፎች ደሴቷ ላይ ጎጆ ይሠራሉ፤ የባሕር ውሾችም (ሲሎች) ግልገል ይዘው ይታያሉ። ልጆች ካሏችሁ በዚያ ወቅት ይሄኛውን ምረጡ።

ቅዳሜና እሁድ መኪና ማቆሚያው ቶሎ ስለሚሞላ በጠዋት ድረሱ። ውሻ ማስገባት አይፈቀድም። ቆዳ የሚያሳክከው ፖይዝን ኦክ የሚባል ተክል በየጥጉ ስላለ ከመንገዱ አትውጡ።